አንሶላውን ብቻዋን የዘረጋችው

አክስቴ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማሽን ፊት ቆማለች። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚተኩስ ማሽን ነው። እንደ ግንድ የተጋደሙ ሁለት የጋሉ ብረቶች አሉት፤ እርጥቡ አንሶላ በዚህ በኩል ይገባል፣ በወዲያ በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። ሠራተኛው ሁሉ መንገድ በሚደለድለው መኪና ስም «ዳምጠው» ይለዋል። አንሶላው ሰፊ ስለሆነ የሚያጎርሱት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ የቀኙን፣ አንዷ የግራውን ጫፍ ይዘው፣ ወጥረው፣ እኩል ለብረቱ ይሰጡታል። አንዷ ከቀደመች አንሶላው ይጣመማል፤ ከዘገየች ይጨማደዳል።

«ከባልሽ ጋር ብትጣዪ ትታረቂያለሽ፤ ከዳምጠው ጓደኛሽ ጋር ከተጣላሽ ግን ጣትሽን ነው የምታጪው» ትል ነበር አክስቴ።

በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ፍም» ነበር የሚሏት። ስሙ የወጣላት የክፍሉ አለቃ ካቦው የሴቶቹን መጸዳጃ ቤት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የከተተ ጊዜ ነው፤ «እዚያ እየገባችሁ ታወራላችሁ» ብሎ። አክስቴ ከጥገና ክፍል ብሎን መፍቻ ተውሳ መጣችና በሩን ከማጠፊያው ነቅላ፣ ተሸክማ ሄዳ፣ ካቦው ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። «ቁልፉ አንተ ጋ ስለሆነ በሩንም አብረህ ያዝልን» አለችው። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ አልተቆለፈም።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሥራውንም ያስገባችኝ እሷው ናት። እኔ ከማሽኑ ማዶ ቆሜ የሚወጣውን አንሶላ አጥፍ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁን በዓይኔ ነው ያየሁት።

የአክስቴ የማሽን ጓደኛ እማማ ቀስ ነበሩ። ሰው ሲሮጥ ባዩ ቁጥር «ቀስ» ስለሚሉ ነው እንዲያ የተባሉት። ሃምሳ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸው ታሞ ነበር፤ ከቀትር በኋላ እግራቸው አብጦ ጫማ አላስገባ ይላል። ጡረታቸው ደግሞ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል። አክስቴ ስለዚህ መላ ፈጠረች። ከማሽኑ ጎን ከሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ላይ ከሽቦ የተጠመዘዘ መንጠቆ አንጠለጠለች። ከሰዓት በኋላ ካቦው ወደ ማጠቢያው ክፍል ሲሄድ እማማ ቀስ ከልብስ ጋሪዎቹ ጀርባ የተገለበጠ የሳሙና በርሜል ላይ ይቀመጣሉ። አክስቴ የአንሶላውን አንድ ጫፍ መንጠቆው ላይ ሰክታ፣ ሌላውን ይዛ፣ ክንዷን እስከ ራሷ በላይ አንስታ ታርገበግበዋለች። አንሶላው አየር ይሞላና ይነፋል፤ ገና ሳይወድቅ በክርኗ መንጠቆውን ገፋ አድርጋ ታስለቅቀዋለች፤ ቀጥ ብሎ ብረቱ አፍ ላይ ያርፋል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኔ ሞክሬው ትከሻዬን ለሦስት ቀን ማንሳት አቅቶኛል። እሷ ግን በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ትሠራው ነበር። ነገሩን የምታውቅ ሴት ሁሉ አይታ እንዳላየች ትሆናለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት መጣ። ትሑት ነው፤ ሲናገር እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ስለ ሠራተኛ ሰው የዕለት ኑሮ ፊልም እንደሚሠራ፣ ሥራ አስኪያጁም እንደፈቀደለት ነገረን። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ማን ሊያየው ነው?» አለች አክስቴ፣ ዳቦዋን እያላመጠች።

«ሰው ያየዋል፣ እትዬ። ሰው ሥራ ሲሠራ የሚያሳይ ፊልም ብዙ የለም።»

እሷም አሰበችበት። «እሱስ እውነትህን ነው። እኔ ያየሁት ፊልም ላይ ሰው ይፋቀራል፣ ይካካዳል፣ ይገዳደላል። ግን ሥራ መቼ ነው የሚገቡት? ያን ሁሉ ልብስ የሚቀያይሩት ማን አጥቦላቸው ነው?»

ወጣቱ ሳቀ፤ ማስታወሻው ላይም ጻፈው። አክስቴ ሲጽፍ አይታ ቀና ብላ ተቀመጠች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቧን እንደሰጠችው አውቄያለሁ።

ሦስት ሳምንት ከኛ ጋር ዋለ። የመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ ሁሉ ጸጉራቸውን ተሠርተው መጡ፤ በሁለተኛው ቀን በእንፋሎቱ ተበላሽቶ ተስፋ ቆረጡ። በሦስተኛው ቀን ካሜራውን ረሳነው። ጋሪ ይገፋልናል፣ ሻይ ይዞልን ይመጣል፣ የቤታችንን ነገር ይጠይቀናል። «ባለካሜራው» እያልን እንደ ልጃችን ቆጠርነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ እማማ ቀስ በርሜላቸው ላይ ተቀምጠው፣ አክስቴ አንሶላውን ብቻዋን ስታርገበግብ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ውድ ነገር ያገኘ ሰው መሰለ።

«እትዬ፣ ይሄን ልቅረጸው?»

«ቀስ» አሉ እማማ ቀስ። «ካቦው ቢያይስ?»

«ካቦውን ምን አገናኘው፣ እማማ? ፊልሙ የኔ ነው።»

እማማ ቀስ አክስቴን አዩዋት። አክስቴ ግንባሯን ጠረገችና «ይቅረጸው። እንዴት እንደምንኖር ሰው ይወቀው» አለች።

ወጣቱ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ፈልጎ ሦስት ጊዜ አስደገማት። ሦስቱንም ጊዜ አሳምራ ሠራችው። በሦስተኛው ፈገግ ብላ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ካቦው እማማ ቀስን ወደ ቢሮ ጠራቸው። እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ሲመለሱ ወደ ማሽኑ አልመጡም፤ በቀጥታ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገብተው ሽርጣቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ። ተከትያቸው ገባሁ።

«ምን አሉዎት እማማ?»

«በኮምፒዩተር አሳዩኝ» አሉኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። «በርሜሉ ላይ ተቀምጬ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው አሉኝ። ከታች ሰዓት ይቆጥራል። በሥራ ሰዓት ተኝታለች ብለው አሰናበቱኝ።»

የዚያኑ ሳምንት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። አራቱም ዳምጠው ማሽኖች ከሰኞ ጀምሮ በአንድ አንድ ሰው እንዲሠሩ ተወስኗል ይላል። የተለማመደ ሠራተኛ አንሶላውን ብቻውን ማስገባት እንደሚችል «በምስል ተረጋግጧል»። በዚህች ቃል ከሌሎቹ ማሽኖች ሦስት ሴቶች ተሰናበቱ፤ ከእማማ ቀስ ጋር አራት ሆኑ። እሑድ በያጆች መጥተው በየማሽኑ ጎን የሚያብረቀርቅ የብረት መንጠቆ ተከሉ። ቁመቱ፣ ጥምዝምዙ፣ ሁሉ ነገሩ የአክስቴን የሽቦ መንጠቆ ነው። ለጓደኛዋ ጉልበት ብላ በእጇ ያጣመመቻትን ሽቦ አሁን የአራት ሴት እንጀራ መቁረጫ አደረጓት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንኳ አይደርስባትም፤ አክስቴ ከቆጡ ምንም አልፈለገችም ነበር።

ከሥራ ወጥተን እማማ ቀስ ቤት ሄድን። በሩን ከፈቱ፤ ግን ግቡ አላሉንም።

«ይቅረጸው ያልሽው አንቺ ነሽ» አሏት አክስቴን። ሌላ አልጨመሩም። በሩን ሲዘጉት እንኳ ቀስ ብለው ነው።

አክስቴ ያን ማታ እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ፣ እኔንም አስፈቅዳ፣ ወደ ባለካሜራው ቢሮ ይዛኝ ሄደች። ከመጽሐፍ መሸጫ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳው በፊልም ፖስተር ተሸፍኗል፤ አንዱ ፖስተር ላይ የሰው እጅ ብቻ ይታያል፣ የሻከረ እጅ። ወጣቱ ሲያየን ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

«እትዬ፣ እንኳን መጡ። ፊልሙ እኮ ሊያልቅ ነው።»

«እማማ ቀስ ተባረረች» አለችው፣ ሳትቀመጥ። ከዚያ የሆነውን በሙሉ ነገረችው። ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። እየዋሸ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም።

«የቀረጽኩትን ሁሉ ቅጂ እንድሰጣቸው ውሉ ላይ ፈርሜያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያለዚያ በር አይከፍቱልኝም ነበር። ለማስታወቂያ የሚፈልጉት ነው የመሰለኝ።»

«ለኛ ለምን አልነገርከንም?»

«ብነግራችሁ ኖሮ…» ብሎ ቆመ።

«ጨርሰው።»

«ብነግራችሁ ኖሮ እንደ ልባችሁ አትሆኑም ነበር። ሰው አለቃው እንደሚያየው ካወቀ ይፈራል፣ እትዬ። ፍርሃት ደግሞ ካሜራ ላይ ያስታውቃል።»

«ስለዚህ ፍርሃታችን ፊልምህን እንዳያበላሽብህ፣ የሚያስፈራውን ነገር ደበቅከን።»

አክስቴ ያንን ቦታ ከፊልሙ እንዲያወጣው ጠየቀችው።

«እትዬ፣ የፊልሙ ልብ እኮ እሱ ነው። እሱ ከወጣ የሚቀረው ማሽን ብቻ ነው። ደግሞስ ባወጣው እማማ ይመለሳሉ?»

«አትመለስም። እንግዲያው የቀጠለውን ጨምርበት። ሂድና ቤቷ ተቀምጣ ቅረጻት። የብረት መንጠቆውን ቅረጸው።»

«ከእንግዲህ አያስገቡኝም። ከውጭ ሆኜ ብሠራም ውሉን አፈረስክ ብለው ይከሱኛል። ለዚህ ፊልም ሦስት ዓመት ደክሜያለሁ።»

«እኔ ሃያ ሁለት» አለች አክስቴ። ወጣን።

ደረጃውን ስንወርድ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። የደከማት መስሎኝ ክንዷን ያዝኩ። «በሱ ብቻ አይደለም የምናደደው» አለችኝ። «ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሰው ቆሞ ሥራዬን ሲያይ፣ ድገሚው ሲለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ደስታ ነው አሁን የሚያንገበግበኝ።»

ፊልሙ የተመረቀው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። ለእኛ ለሠራተኞቹም የጥሪ ወረቀት ተላከልን፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ረድፎች ሰጡን። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ተቀምጧል፤ ካቦው ከሱ ጎን ክራባት አስሮ። እማማ ቀስ አልመጡም። አክስቴ የሥራ ሽርጧን ለብሳ ነው የመጣችው። «ፊልሙ ስለ ሥራ አይደል?» አለች፣ ስጠይቃት።

እውነቱን ልናገር፤ ፊልሙ ያምር ነበር። እሱ ነው የባሰው። እንፋሎቱ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲወጣ እኛ የምንረግመው እንፋሎት አልመስል አለኝ። ሴቶቹ ሲሳሳቁ፣ ጋሪ ሲገፉ፣ አንዷ ለልጇ ስልክ ደውላ «ምሳህን በላህ?» ስትል ሁሉም እንደነበረው ነው። ከዚያ ያ ቦታ መጣ። ሙዚቃ የለውም፤ የዳምጠው ጉርምርምታ ብቻ። እማማ ቀስ በርሜሉ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። አክስቴ ክንዷን ታነሳለች፤ አንሶላው ይነፋል፤ በክርኗ ታስለቅቀዋለች። አክስቴ በስክሪኑ ላይ ፈገግ አለች፤ ከጎኔ ያለችው አክስቴ ጥርሷን ነከሰች።

ሲያልቅ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ባለካሜራው መድረክ ላይ ወጣ፤ ጥያቄ ተጀመረ። መነጽር ያደረገ ሰው ስለ ብርሃኑ ጠየቀ። አንዲት ሴት «የሠራተኛውን ክብር አሳይተኸናል» ብላ አመሰገነችው። ያኔ አክስቴ ተነሳች። ድምፅ ማጉያ ሊያቀብሏት ሲሉ እጇን አወዛወዘች፤ ዳምጠው አጠገብ ሃያ ሁለት ዓመት ያወራ ሰው ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም።

«አሁን ያጨበጨባችሁላት፣ አንሶላ ብቻዋን የምትዘረጋው ሴት እኔ ነኝ» አለች። ሰው እንደገና ሊያጨበጭብ ሲጀምር እጇን አነሳች። «ቆዩ። በርሜሉ ላይ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ናት። ይሄን ፊልም ከናንተ በፊት ያዩት እነዚያ ከፊት የተቀመጡት ናቸው። ሰዓት ይዘው ነው ያዩት። አሥራ አንድ ደቂቃ ተቀምጣለች ብለው አባረሯት። ጡረታዋ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነበር የቀረው። እኔ ደግሞ አንሶላውን ብቻዬን ስዘረጋ አይተው፣ ለካ አንድ ሰው ይበቃል አሉ። ሦስት ሴቶች ጨመሩባት። እኔ አሥር ደቂቃ የማደርገው ለሷ ጉልበት ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ሰው ትከሻው ይወልቃል።»

ሥራ አስኪያጁ ዞር ብሎ «ይህ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ቦታው አይደለም» አለ።

«ቦታውስ የት ነው? ቢሮህ ስንመጣ ስብሰባ ላይ ነህ።» ከኋላ ረድፍ የኛዎቹ ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም። ወደ መድረኩ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ፊልምህ ውሸት ነው አልልህም። አንድም ውሸት የለበትም። እውነታችንን ግን ለማን እንደምትሰጠው ሳትነግረን ወስደህ ሰጠኸው። ውሸት ነው ካልከኝ አሁን እዚህ ተናገር።»

ወጣቱ ማጉያውን አነሳ። «እውነት ነው» አለ። «ፈርሜ ነበር።» ሥራ አስኪያጁና ካቦው ተነስተው ወጡ። ስንወጣ በር ላይ አንዲት እመቤት እያለቀሰች የአክስቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ «እንዴት የደከመ እጅ ነው» እያለች። አክስቴ እጇን አስለቀቀች። «ከደከመስ ልቀቂው» አለቻት።

ሰኞ ዕለት ካቦው አክስቴን ከዳምጠው አንስቶ ቆሻሻ ልብስ መለያ ወሰዳት። የሆስፒታሉ ልብስ ከነደሙና ከነትውከቱ የሚራገፍበት መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሊያባርሯት አልደፈሩም፤ የአዳራሹ ወሬ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። በራሷ ጊዜ እንድትሄድ ነበር የፈለጉት። እሷ ግን ጓንቷን አጥልቃ ገባች።

እኔን በሷ ቦታ አቆሙኝ። ያን ቀን በልብስ መቀየሪያው ውስጥ ተነጋገርን። የተናገረችው አንዲት ዝምተኛ ሴት ናት፤ ድምጿን እንኳ አላውቀውም ነበር። «መንጠቆውን አንነካውም» አለች። «አንድ ሰው ይችላል ብለው የለ? እንደሚችለው ነው የሚሠራው።» እንዳለችው አደረግን። አንዱን ጫፍ እናስገባለን፤ ዞረን ሄደን ሌላውን እናስገባለን። አንሶላው ተጣሞና ተጨማዶ ይወጣል። ሆን ብለን አልዘገየንም፣ አላመጽንም፤ ካቦው አጠገባችን ቆሞ ቢጮህም ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለን። «መንጠቆው ለምንድን ነው የተተከለው?» ሲለኝ «ፊልም ላይ ነው እንጂ እኔ አልችልበትም» አልኩት። ሆቴሎቹ አንሶላውን በመኪና ሙሉ መመለስ ጀመሩ። በሰባተኛው ሳምንት ሌላ ወረቀት ተለጠፈ፤ «ለጥራት ሲባል» ማሽኖቹ እንደገና በሁለት ሁለት ሰው እንዲሠሩ። ስለ ጥፋታቸው አንድ ፊደል የለውም። ከተባረሩት ሦስቱ ተመለሱ። እማማ ቀስን አልመለሷቸውም፤ «በሥራ ሰዓት መተኛት» የሚለው ፋይላቸው ላይ ተጽፎ ቀርቷል፤ ጡረታቸውም ጎድሎ ነው የወጣው።

ፊልሙ ሌላ አገር ሄዶ ሽልማት አገኘ። ባለካሜራው አንድ ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው በር ላይ ጠበቀን። ከስቷል። በፊልሙ መጨረሻ ላይ አንድ ጽሑፍ እንደጨመረ፣ ለዚህም ፋብሪካው እንደከሰሰው ለአክስቴ ነገራት።

«ምን ይላል ጽሑፉ?»

«‹ይህ ፊልም ከተቀረጸ በኋላ አራት ሴቶች ከሥራቸው ተባረሩ› ይላል።»

አክስቴ በጣቷ ቆጠረች። «ስምንት ቃል። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ደረሳቸው።» ጥላው ልትሄድ ብላ ቆም አለች። «እማማ ቀስ ቤት ሄደህ ታውቃለህ?»

«አልሄድኩም። አፈርኩ።»

«እፍረትህን ቤትህ አስቀምጠውና ሂድ። ካሜራውን ይዘህ እንዳትሄድ ግን።»

ሄደ። እማማ ቀስ ምን እንዳሉት አልነገሩንም። አክስቴ ራሷ በየእሑዱ ትሄድ ነበር፤ አንዳንዴ በሩ አይከፈትም፣ አንዳንዴ ደጃፉ ላይ ቆመው ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ። አምስተኛው ወር ላይ «ግቢ፣ ምን ይገትርሻል» አሏት። ተቀመጡ። እማማ ቀስ ጉልበታቸውን ባለቀለም ጨርቅ ጠምጥመውታል።

«አንቺን መቆጣት ስለቀለለኝ ነው» አሉ። «እነሱንማ የት አገኛቸዋለሁ?»

«ተቆጪኝ ግድ የለም» አለች አክስቴ። «ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።»

«ግማሹ አይሞላም» አሉ እማማ ቀስ፣ ትንሽ አስበው። «ሩቡ ነው።»

አሁን ፋብሪካው ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ ያወጣነው እኛው ነን። ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር፣ ጋዜጠኛም ይሁን ተማሪ፣ በምሳ ሰዓት ከቆሻሻ ልብስ መለያው አክስቴን እንጠራታለን። ጓንቷን ታወልቃለች፣ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ መነጽሯን ታደርጋለች። «ከአለቆቹ ጋር የተፈራረምከውን ወረቀት አምጣ» ትለዋለች። መስመር በመስመር፣ ጮክ ብላ ለሁላችንም ታነበዋለች። ባለፈው ወር አንዱ ወረቀቱን ቢሮ ረስቼዋለሁ፣ ነገ አመጣዋለሁ ብሎ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።